ሞተር ግማሽ ዙር ዞሮ ለምን አይቆምም?

ከተበላሸ የመጫወቻ መኪና ወይም ከአሮጌ ቴፕ ሆድ ውስጥ ትንሽ ሞተር ፈልቅቃችሁ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ልጆች «ዲናሞ» የሚሏትን ማለቴ ነው። ሁለቱን ሽቦዎቿን ከባትሪ ድንጋይ ጫፎች ጋር ስታነካኩ «ዝዝዝ» ብላ ትዞራለች። ሽቦዎቹን ስታገላብጡ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ትዞራለች።

«ለምንድን ነው የምትዞረው?» ተብላችሁ ብትጠየቁስ? «ውስጧ ማግኔት አለ። ማግኔት ደግሞ ይስባል፣ ይገፋል። በቃ፣ ለዚህ ነው የምትዞረው» ትሉ ይሆናል። ይህ መልስ ስህተት አይደለም፤ ጎዶሎ ግን ነው። እንዲያውም ቆም ብላችሁ ካሰባችሁበት፣ ይህ መልስ የሚያስረዳው ሞተሯ ለምን እንደምትዞር ሳይሆን ለምን መቆም እንደነበረባት ነው!

እንዴት? እስቲ ከኮምፓስ እንጀምር።

ማግኔት ብቻውን ያቆማል

ኮምፓስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ማግኔት አስጠጉለት። መርፌው ወዲያው ወደ ማግኔቱ ይዞራል። ትንሽ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፣ ጥቂት ይወዛወዝና ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብትጠብቁት ንቅንቅ አይልም። ለምን መሰላችሁ? የሚፈልገው ቦታ ስለደረሰ ነው። ወደ ጉድጓድ የተንከባለለ ኳስ ታች ሲደርስ እንደሚቆመው ማለት ነው።

ምናልባት ኢንተርኔት ላይ «ያለ ባትሪ፣ በማግኔት ብቻ ለዘላለም የሚዞር ጎማ» የሚያሳይ ቪዲዮ አጋጥሟችሁ ይሆናል። አትመኑት። ማግኔቱ ጎማውን ሲቀርብ የሚስበውን ያህል ሲርቅም መልሶ ይይዘዋል። ሲመጣ የሰጠውን ሲሄድ ይቀበለዋል፤ ትርፍ የለም። እንዲያ ዓይነት ጎማ እየዞረ ካያችሁ አንድ ቦታ የተደበቀ ባትሪ፣ ክር ወይም የሚነፋ አየር ፈልጉ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ማግኔት የሚያዞረው ነገር ሁሉ መጨረሻው መቆም ከሆነ፣ ትንሿ ሞተራችን ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ እንዴት ትዞራለች?

እንደተፈለገ የሚገለበጥ ማግኔት

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1820 ነው። የዴንማርኩ ሳይንቲስት ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አየ። ሽቦው ብረት እንኳ አልነበረበትም፤ ማግኔት አይደለም። ከረንት ሲያልፍበት ግን እንደ ማግኔት ይሆናል። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1821፣ ማይክል ፋራዳይ ለንደን ውስጥ ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ኤሌክትሪክ ነገርን ማዞር እንደሚችል በዚህ ተረጋገጠ።

ከረንት የሚፈጥረው ማግኔት ከተራው ማግኔት የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። ተራው ማግኔት ሁልጊዜ ማግኔት ነው፤ ሰሜኑም ሰሜን፣ ደቡቡም ደቡብ ሆኖ ይኖራል። የሽቦው ማግኔት ግን ከረንቱን ስታቋርጡ ይጠፋል። ከረንቱን ወደ ኋላ ስታደርጉት ደግሞ ሰሜኑ ደቡብ፣ ደቡቡ ሰሜን ይሆናል። ይህችን ነገር ያዟት፤ የሞተር ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን በሁለት ማግኔቶች መካከል፣ በዘንግ ላይ የሚዞር አራት ማዕዘን የሽቦ ጥቅል አስቡ። ከረንቱ በአንዱ ጎን ይሄዳል፣ ዞሮ በሌላኛው ጎን ይመለሳል። በማግኔት መካከል ያለ ሽቦ ከረንት ሲያልፍበት ይገፋል፤ የሚገፋበት አቅጣጫ ደግሞ በከረንቱ አቅጣጫ ይወሰናል። በአንዱ ጎን ከረንቱ የሚሄድ፣ በሌላው የሚመለስ ስለሆነ፣ አንዱ ጎን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይገፋል። ስለዚህ ጥቅሉ ይዞራል።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ግን ጥቅሉ ሩብ ዙር ዞሮ ቀጥ ብሎ ሲቆም ምን ይሆናል? ወደ ላይ ይገፋ የነበረው ጎን አሁን ላይ ደርሷል፤ አሁንም ግን ወደ ላይ ይገፋል። ወደ ታች ይገፋ የነበረው ታች ደርሷል፤ አሁንም ወደ ታች ይገፋል። ግፊቱ ሽቦውን ለመለጠጥ ይሞክራል እንጂ አያዞረውም። በፍጥነቱ ትንሽ ቢያልፍ እንኳ ግፊቱ መልሶ ይጎትተዋል። ተወዛውዞ፣ ተወዛውዞ ይቆማል። ልክ እንደ ኮምፓሱ።

ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን ችግር በእግሩ ያውቀዋል። ፔዳሉን በቀኝ እግራችሁ ወደ ታች ትረግጣላችሁ። ፔዳሉ ታች ከደረሰ በኋላ በዚያው እግር ወደ ታች መጫን ብትቀጥሉስ? ብስክሌቱ አይሄድም፤ ፔዳሉ ወደ ላይ ሊመለስ ሲል ራሳችሁ ትይዙታላችሁ። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለት ምርጫ አለ። ወይ እግራችሁን ታነሳላችሁ፣ ወይ እግር ትቀይራላችሁ። ሞተርም ያለው ምርጫ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

አንደኛው ዘዴ፦ እግር ማንሳት

ይህንን ቤት ውስጥ ሠርታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የሚያስፈልጉት አንድ 1.5 ቮልት ትልቁ ባትሪ ድንጋይ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ፕላስተር እና ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ላዩ ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ነው። ቫርኒሹ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ሽቦውን ባትሪ ድንጋዩ ላይ 10 ጊዜ ጠምጥሙና አውጡት። ክብ ጥቅል ይሆናል። ሁለቱን ጫፎች ከግራና ከቀኝ ቀጥ አድርጋችሁ አውጧቸው፤ ዘንግ ሆነው ያገለግላሉ። መርፌ ቁልፎቹን በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ በፕላስተር እሰሩና ዘንጎቹን በቀዳዳዎቻቸው አሳልፉ። ባትሪውን አጋድማችሁ ማግኔቱን ከጥቅሉ ሥር አስቀምጡ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። የአንዱን ጫፍ ቫርኒሽ ዙሪያውን ፋቁት። የሌላውን ግን ጥቅሉን ቀጥ አድርጋችሁ አቁማችሁ ያዙና የላይኛውን ግማሽ ብቻ ፋቁ። የታችኛውን አትንኩት!

ጥቅሉን በጣታችሁ ትንሽ ስትገፉት መሽከርከር ይጀምራል። እምቢ ካለ ጥቅሉ ሚዛኑን የጠበቀ መሆኑን እዩ፤ ወይም በሌላው አቅጣጫ ገፋ አድርጉት። ሁለቱንም ጫፍ ዙሪያውን የፋቀ ልጅ ግን ጥቅሉ ሲንቀጠቀጥና ሲቆም ያያል። «ከረንቱማ በደንብ ያልፋል፣ ለምን አይዞርም?» ብሎ ይበሳጫል። ችግሩ ከረንቱ ሁልጊዜ ማለፉ ነው!

ግማሹ ሲፋቅ የተፋቀው ወገን መርፌ ቁልፉን ሲነካ ከረንት ያልፋል፣ ጥቅሉ ይገፋል። ግፊቱ እንቅፋት ሊሆን ሲል ቫርኒሹ ይመጣና ከረንቱን ያቋርጣል። ጥቅሉ በጀመረው ፍጥነት ብቻ ቀሪውን ግማሽ ዙር ይጨርሳል፤ ከዚያ እንደገና ይገፋል። በአንድ እግር እየረገጡ፣ ፔዳሉ ሲመለስ እግርን እያነሱ ብስክሌት እንደመንዳት ነው። ይሄዳል፤ ግን ግማሹ ጊዜ ያለ ግፊት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ጥቅሉ ሳይዞር ከቆመ ቶሎ አንሱት፤ ሽቦውም ባትሪውም ይግላሉ። ይህንንም ሆነ ማንኛውንም የባትሪ ሙከራ በምንም ዓይነት ከግድግዳ ሶኬት ጋር አታገናኙት።

ሁለተኛው ዘዴ፦ እግር መቀየር

ጥቅሉ ሊቆም በሚገባው ቦታ ላይ ከረንቱን ከማቋረጥ ይልቅ ብንገለብጠውስ? ያን ጊዜ ወደ ላይ ይገፋ የነበረው ጎን ወደ ታች፣ ወደ ታች ይገፋ የነበረው ወደ ላይ መገፋት ይጀምራል። ግፊቱ ሁልጊዜ በአንድ የመዞሪያ አቅጣጫ ይሆናል። ቀኝ እግር ታች ሲደርስ ግራው እንደሚረከበው ማለት ነው።

ግን ማን ይገልብጠው? ትንሿ ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ብትዞር፣ ይህ በሰከንድ 100 ዙር ነው። በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ፣ በሰከንድ 200 ጊዜ ሽቦ የሚያገላብጥ ሰው ከየት ይመጣል?

መልሱ ኮሚዩቴተር የሚባል ቀላል ዕቃ ነው። ዘንጉ ላይ የተገጠመና ለሁለት የተሰነጠቀ የመዳብ ቀለበት አስቡ። ሁለቱ ግማሾች አይነካኩም፤ የጥቅሉ አንድ ጫፍ ከአንዱ፣ ሌላኛው ጫፍ ከሌላው ጋር ተያይዟል። ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር አብሮ ይዞራል። ከባትሪው የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ግን አይዞሩም። እነሱ የሚያልቁት «ብሩሽ» በሚባሉ ሁለት መንኪያዎች ነው፤ ብሩሾቹ ከግራና ከቀኝ ቀለበቱ ላይ ተጭነው ይቀመጣሉ። በትንንሾቹ ሞተሮች ብሩሹ ስስ የብረት ቅጠል ነው፤ በትልልቆቹ ደግሞ ከካርቦን ይሠራል።

ቀለበቱ ግማሽ ዙር ሲዞር ፖዘቲቩን ይነካ የነበረው ግማሽ ወደ ኔጌቲቩ ይሄዳል፣ ኔጌቲቩን ይነካ የነበረው ወደ ፖዘቲቩ ይመጣል። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ከረንት ተገለበጠ! ያውም ልክ ጥቅሉ ሊቆም በነበረበት ቅጽበት። ሰዓት የሚቆጥር የለም፣ ኮምፒውተር የለም። የሚዞረው ነገር ራሱ፣ በመዞሩ ብቻ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ይቀይራል። ፈጥኖ ሲዞር መቀየሩም ይፈጥናል፤ ሲዘገይም ይዘገያል። አይቀድምም፣ አይዘገይም።

ስለዚህ «ዲሲ ሞተር» ስንል የሚገርም ነገር አለ። ከባትሪው የሚወጣው ከረንት ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ግን በየግማሽ ዙሩ ይገለበጣል። ሞተሩን ሞተር ያደረገው ይህ መገልበጥ ነው።

እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሚዩቴተር ያለው ሞተር ሠራ። አሜሪካዊው ቶማስ ዳቬንፖርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1837 ለኤሌክትሪክ ሞተር የፈጠራ መብት አገኘ። ዳቬንፖርት የዩኒቨርሲቲ ምሁር አልነበረም፤ አንጥረኛ ነበር።

የሞተው ነጥብ

ግን አንድ ችግር ይቀራል። የብስክሌቱ ፔዳሎች አንዱ ቀጥ ብሎ ላይ፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ታች ሆነው ከቆሙ በመርገጥ ማስነሳት ከባድ ነው፤ አይደል? አንድ ጥቅል ያለው ሞተርም እንደዚያው የሞተ ነጥብ አለው። እየዞረ ከሆነ በፍጥነቱ ያልፈዋል። እዚያ ነጥብ ላይ ከቆመ ግን ባትሪ ብታገናኙለትም አይነሳም። ብሩሾቹ በስንጥቁ ላይ ሲሆኑ ሁለቱን ግማሾች በአንድ ጊዜ ሊነኩና ከረንቱ በጥቅሉ ሳያልፍ ባቋራጭ ሊሄድም ይችላል።

አሁን ዲናሟችሁን አምጡና ቆርቆሮዋን በጥንቃቄ ክፈቱ። ውስጧ ያለው ብረት ሦስት ክንፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል፣ ኮሚዩቴተሯም ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ሦስት የሆነው ለጌጥ አይደለም። አንዱ ክንፍ የሞተ ነጥብ ላይ ቢሆን ሌሎቹ አይሆኑም። ስለዚህ የትም ላይ ብትቆም፣ ባትሪ ስታገኝ ያለ ማንም ግፊት ትነሳለች። ብረቱ ደግሞ የሽቦውን ማግኔትነት ያጠነክረዋል። የመኪና ማስነሻ ሞተርን የፈታ መካኒክ ብትጠይቁ ኮሚዩቴተሩ በብዙ ስስ የመዳብ ቁርጥራጮች የተሠራ መሆኑን ያሳያችኋል። ቁርጥራጩ ሲበዛ አዟዟሩ ይበልጥ ለስላሳ ይሆናል።

ለመሆኑ «ዲናሞ» ስህተት ነው?

አሁን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ግፊቱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከሆነ፣ ሞተሩ ለምን እየፈጠነ፣ እየፈጠነ አይሄድም? ግጭት አለ፣ አየር አለ፤ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ልጆች ለሞተሯ ባወጡላት ስም ውስጥም ተደብቋል።

«ዲናሞ» በትክክለኛ ትርጉሙ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን ነው። «ስለዚህ ሞተርን ዲናሞ ማለት ስህተት ነው» የሚል አስተማሪ አያጣችሁም። ግን ይህን ሞክሩ። የሞተሯን ሽቦዎች ለያይታችሁ ዘንጓን በጣታችሁ አሹሩ። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ጠምዝዙና እንደገና አሹሩ። በሁለተኛው ጊዜ ትከብዳለች፣ ቶሎም ትቆማለች። ለምን? ጥቅሉ በማግኔት መካከል ሲዞር ቮልቴጅ ይፈጠርበታል። ሽቦዎቹ ሲገናኙ ያ ቮልቴጅ ከረንት ይነዳል፤ ከረንቱም መዞሩን ይቃወማል። መልቲሜትር ካላችሁ ቮልቴጁን መለካት ትችላላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየና ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የቤልጅየሙ ዜኖብ ግራም ማሽኖች ይህንን በይፋ አሳዩ። ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ማሽን፣ ከሌላ አመንጪ ከረንት ሲሰጠው ሞተር ሆኖ ዞረ። ሞተርና አመንጪ አንድ ዕቃ ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ባትሪ ያዞራት ሞተርም መዞሯ እስካልቀረ ድረስ ቮልቴጅ ታመነጫለች። ይህ ቮልቴጅ የባትሪውን ይቃወማል። በፈጠነች ቁጥር ተቃውሞው ያድጋል፤ ለመግፋት የሚቀረው ከረንት ይቀንሳል። የቀረው ከረንት ግጭቱን ለማሸነፍ ብቻ ሲበቃ ፍጥነቷ ይረጋል።

በቁጥር እንየው። ባትሪው 3 ቮልት፣ የጥቅሉ ሬዚስታንስ 1 ኦም ነው እንበል። ዘንጓን ጨምድዳችሁ ብታቆሟት የሚቃወም ቮልቴጅ የለም፤ ስለዚህ 3 አምፒር ያልፋል። ብትለቋትና 2.7 ቮልት እስክታመነጭ ድረስ ብትፈጥን የሚቀረው 0.3 ቮልት ነው፤ ከረንቱ 0.3 አምፒር ብቻ ይሆናል። ሽቦው ላይ የሚወጣው ሙቀት በመጀመሪያው 9 ዋት፣ በሁለተኛው 0.09 ዋት ነው። መቶ እጥፍ ልዩነት! ሞተር ሲዞር ሳይሆን መዞር ሲያቅተው የሚቃጠለው ለዚህ ነው። የመጫወቻ መኪናችሁ ጎማ በፀጉር ወይም በክር ተጠምጥሞ ከያዘ ቶሎ አጥፉት።

ይህንኑ ሚኒባስ ታክሲ ላይም ታዩታላችሁ። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር የመኪናውን ትልቅ ሞተር የሚቀሰቅሰው መካኒኮች «ሞተሪኖ» የሚሉት የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ደብዘዝ ይላል። ሞተሪኖው ገና ቆሞ ስለሆነ የሚቃወም ቮልቴጅ የለውም፤ ከባትሪው ከ100 አምፒር በላይ ይስባል። መዞር ሲጀምር ከረንቱ ይቀንሳል። ጎበዝ ሾፌር ቁልፉን ለረጅም ጊዜ አጥብቆ የማይይዘው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሞተሪኖው እምቢ ይልና ሾፌሩ ወርዶ በመፍቻ «ኳ ኳ» ያደርገዋል። መኪናው ይነሳል! አስማት አይደለም። ካርቦኑ እየተፋቀ ሲያጥር ኮሚዩቴተሩን በደንብ አይነካም፤ ንዝረቱ ሲያስጠጋው ለጊዜው ይነካል። ይህ የሁሉም ባለ ብሩሽ ሞተር ድክመት ነው። ብሩሽ ይፋቃል፣ ብልጭታ ይፈጥራል፣ አንድ ቀን ያልቃል።

ለዚህ ነው በኮምፒውተር ማራገቢያ፣ በድሮንና በከተማችን እየበዙ ባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ በአብዛኛው ብሩሽ የማታገኙት። በእነሱ ውስጥ ከረንቱን የሚገለብጡት ትራንዚስተሮች ናቸው። ሐሳቡ ግን አልተለወጠም፤ አሁንም አንድ ነገር በትክክለኛው ቅጽበት እግር መቀየር አለበት።

አሁን «ሞተር ለምን ይዞራል?» ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሙሉ መልስ አላችሁ። ሞተር ማረፊያውን የሚፈልግ የኮምፓስ መርፌ ነው። ሊደርስበት ሲል ግን፣ በራሱ መዞር ምክንያት፣ ማረፊያው ወደ ሌላው ወገን ይዛወራል።

ለቤት ሥራ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ባትሪውን ስትገለብጡ ሞተሯ በተቃራኒው ትዞራለች። ማግኔቶቿን ብትገለብጡም እንደዚሁ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ብትገለብጡስ? መልሱን ስታገኙት፣ ኩሽና ያለው የጁስ መፍጫ አቅጣጫው በሚቀያየረው የግድግዳ ኤሌክትሪክ እየሠራ ለምን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚዞር ትደርሱበታላችሁ። አንድ ፍንጭ ልጨምር፦ በእሱ ውስጥ ማግኔቶቹም ከሽቦ የተሠሩ ናቸው።